እጅ ወደ ኋላ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አትንኩ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እንደ ቀልድ ተጀምሮ አሁን እንዲህ ተጣብቆበት፣ ዳቦ ቤት ስሄድ እንኳ «የአትንኩ ባለቤት፣ ምን ልስጥሽ?» እባላለሁ። መጀመሪያ ላይ እናደድ ነበር። አሁን አቤት እላለሁ፤ ከስንቱ ጋር ተጣልቼ እዘልቀዋለሁ?

የቀን ሥራው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተሮች መጠገን ነው። ኮምፒውተሮቹ ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ አንዱን አስነስቶ ዞር ሲል ሌላው ይተኛል። ይሄ መተዳደሪያችን ነው፣ አልከፋበትም። ቅዳሜዬን የሚበላብኝ ሌላ ነው፤ ማንም ሳያዘው የሚያዘጋጀው የሙከራ ቀን።

የሙከራ ቀን ደግሞ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው። አንድ የጽሕፈት ፕሮግራም አለ። ባለቤት የለውም፤ ወይም ባለቤቱ ብዙ ነው። በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ከሥራ መልስ በነፃ ይሠሩታል። አሠራሩን አይደብቁም፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል፣ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። እኔ የጋራ ድስት እለዋለሁ፤ ሁሉም ያማስላል፣ ሁሉም ይቋደሳል። ታዲያ አዲሱ ቨርዥን ለዓለም ከመሰጠቱ በፊት ተራ ሰው ተቀምጦ ሊሞክረው ይገባል፤ የሠሩት ሰዎችማ እንደ ልጃቸው ስለሚያዩት ጉድለቱ አይታያቸውም። ያንን ተራ ሰው ከያለበት ለቃቅሞ የሚያመጣው የእኔ ባል ነው።

አለቃቀሙን ብታዩት። ጎበዝ አይፈልግም። ጎበዝ ሰው ጉድጓዱን ዘሎ ያልፈውና ጉድጓድ የለም ይላል፣ ባይ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ጋ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ፣ የታመመ ሰው ልንጠይቅ ሄደን እንኳ፣ «ክፉ ልማዳችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ኑ» እያለ ይጋብዛል። ሾፌሩን ያገኘው እንዲህ ነው፤ ሰውዬው ቁልፍ ሲጫን ፍሬን የሚረግጥ ይመስለዋል፤ አንዴ የሚበቃውን ሁለቴ ሦስቴ ይደቁሰዋል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በተቃራኒው ናት፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ጣቷን አታነሳም። ሦስተኛው የሒሳብ መምህሩ ነው። ስለ እሱ ቆይቼ አወራለሁ፤ ጉዱ ብዙ ነው።

በመጀመሪያው የሙከራ ቀን ባሌ የንባብ አዳራሹን ለምኖ፣ ላፕቶፖቹን ደርድሮ፣ ሰው እንዳይጠልፈው የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውን ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ጠበቀ። ሰውም መጣ፤ ሻይ ጠጣ፤ ብስኩት በላ፤ ሞከረ። አንዱ ሲቸገር አጠገቡ ያለው «ቆይ ቆይ፣ እንዲህ እኮ ነው» እያለ ማውሱን ይቀበለዋል። በተለይ የሒሳብ መምህሩ። ሰውዬው ደግ ነው፣ የደግነቱ ማደሪያ ግን እጁ ነው፤ ሰው ሲቸገር እያየ እጁን መሰብሰብ አይሆንለትም። ሲመሽ ሁሉም «ጥሩ ነው፣ ይሠራል» ብለው ጽፈው ሄዱ። ባሌም ደስ ብሎት ለፕሮግራመሮቹ ላከ። ፕሮግራሙ ወጥቶ ሰው እጅ ሲገባ ግን ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ የጻፈውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ማን ያግኘው? በሙከራው ቀን ያንን ቦታ ለሁሉም እየዞረ ያሳየው የሒሳብ መምህሩ ነበር።

ሕጉ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። «እጅ ወደ ኋላ» ይባላል። የሚሞክረው ሰው ብቻውን ይሞክራል። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ሁለት እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ያያል። ከአፉ የሚወጡት ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ «ምን ጠበቅህ?» እና «ምን ሆነ?»። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ የለም። እጁን የዘረጋ ሰው የዕለቱን የሻይ ብርጭቆ በሙሉ ያጥባል። ባሌ በወንበሮቹ መሀል እየተሽሎከለከለ «አትንኩ፣ አትንኩ» ሲል የሰማው ሾፌር ነው እንግዲህ ስሙን ያወጣው። የሒሳብ መምህሩማ ያጠበው ብርጭቆ ብዛቱ! ሚስቱ ወሬውን ሰምታ አላምንም ብላ፣ አንድ ቅዳሜ መጥታ በር ላይ ቆማ አይታው ሄደች። ቤታቸው ምን እንደተባባሉ አላውቅም።

ሕጉ ሲታይ ቀላል ነው። እስቲ ሞክሩት። የምታውቁትን ነገር ሰው ሲሳሳት እያያችሁ ዝም ማለት ጥርስ ከማስነቀል አይተናነስም። ባሌ ግን አንድም ቀን ሸርተት ብሎ አያውቅም። ሰው አጠገብ ተቀምጦ ሰውዬው እያላበው ሲንገታገት፣ እሱ ፊቱን እንደ ግድግዳ አድርጎ «ምን ጠበቅህ?» ይላል። ጨካኝ ነው ያሉትም አሉ። ጨካኝስ አይደለም፤ እኔ ባለቤቱ እያለሁ ማን ያውቀዋል? ሰዎቹን ያከብራቸው ነበር። የእነሱ መቸገር እውቀት ነው ይላል፤ ቀምተን አንውሰድባቸው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው እታለም ለሙከራ የመጣች ቀን የራሱን ሕግ የበላው።

እታለም የባሌ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱ የሚነቀል ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ እታለም ስለሚላት እኛም ሁላችን እታለም እንላታለን። እሷ ደግሞ ይህን ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ እስከ ዛሬ ማሙሽ ትለዋለች። ሰው ፊት ስትለው ደስ ይለኛል።

በአንድ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ዐሥሩም ጣቷ ኪቦርድ ላይ ሲወርድ ዝናብ ቆርቆሮ የሚመታ ነበር የሚመስለው። ጠበቃው ተናግረው ሳይጨርሱ እሷ ጽፋ ጨርሳ ቀና ብላ ትጠብቃቸው ነበር ይባላል። የምትለው እንኳ ራሷ ናት፤ እኔ ግን አምናታለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሷ ተረፈች፣ አንደበቷም ተመለሰ፣ እግሯንም እየጎተተች ትሄዳለች። ቀኝ እጇ ግን እንደታጠፈ ቀረ። በቀኝ በኩል ያለውንም ነገር ፊቷን አዙራ ካልፈለገችው አታየውም፤ ሳህኗ ላይ እንኳ በቀኝ ያለው ምግብ ሳይነካ ይቀራል፣ እኔ ሳህኑን አዞርላታለሁ። እኛ ቤት ገብታ አብራን መኖር ጀመረች።

ባሌም እንክብካቤውን አበዛው። ሻይዋን እሱ ያማስላል። የሹራቧን ቁልፍ እሱ ይቆልፋል። ገና ከሶፋው ልትነሳ ስትንቀሳቀስ ሮጦ በሩን ይከፍታል፤ ወዴት እንደምትሄድ እንኳ ሳይጠይቅ። እኔ ተዋት እንጂ፣ ሴትዮዋ እኮ አንድ እጅ አላት ስለው፣ አንጀቴ አይችልም ይለኛል። እሱን አጥቦ ያሳደገው እጅ ነው የታጠፈው፤ ምን ልበለው?

እሷም ሁሉን እሺ አለች። እሺታዋ ነበር የሚያስፈራኝ። እታለም በጤናዋ ጊዜ ምላሷ የማያርፍ፣ የተሰፋ ልብስ ሳይቀር ፈትታ ካላየች የማታምን ሴት ነበረች። ያቺ ሴት ሶፋው ላይ ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር።

ጠበቃው ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሮ ግን ቢሮ ነው። አንድ ከሰዓት ሊጠይቋት መጡና ቁርጡን ነገሯት። ጠረጴዛዋ እንዳለ ነው፤ በእሷ ቦታ የተቀመጠችው ጸሐፊ ጊዜያዊ ናት፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ወይ እሷን ወይ ሌላ ሰው መወሰን አለባቸው። «አንድ ገጽ ብቻሽን ጽፈሽ አሳይኝ» አሏት። «የፈጀውን ጊዜ ይፍጅ። አንድ የጸዳ ገጽ። ጠረጴዛው ያንቺ ነው።» እታለም አንገቷን ነቅንቃ ሸኘቻቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔን ጠርታ፣ ያንን ጠረጴዛ ካጣሁ ከዚህ ሶፋ የምነሳ እንዳይመስልሽ አለችኝ። ፈርታ ነበር። ስትፈራ አይቻት አላውቅም።

ችግሯ ምን መሰላችሁ? አንዳንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ግድ ነው፤ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ በአንድ እጅ ይዞ፣ ፊደሉን በሌላው። ሁለት እጅ ላለው ምንም አይደለም። ለእሷ ግን በየመስመሩ የሚገጥማት ግንብ ሆነባት። ታዲያ የዚያ ነፃ ፕሮግራም አዲሱ ቨርዥን ለባለ አንድ እጅ የታሰበ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ባሌ አነበበ። ሺፍትን ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ፊደሉን መጫን፤ ፕሮግራሙ ሺፍቱን እንደተያዘ ይቆጥረዋል። በቃ። ያን ቀን ባሌ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፌ ላይ ቆሞ ነው የነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ዞር ብላ፣ እስቲ ድገመው አለችው።

የሙከራው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ፕሮግራሙ ለዓለም የሚወጣው በሚቀጥለው ዓርብ ነው፤ እስከዚያ ሳይነገር ያለፈ ጉድለት መንፈቅ ሙሉ ሌላ ቨርዥን ይጠብቃል።

አዲሱን ነገር ለመሞከር ባሌ ሁሉም ሰው ቀኝ እጁን ኪሱ እንዲከት አዘዘ። ሾፌሩ ድሮም መሪ የምይዘው በአንድ እጅ ነው አለ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷ ኪስ ስላልነበረው እጇን በሻርፗ ከወገቧ ጋር አሰረች። እየሳቁ ሞከሩ፤ ለሁሉም ሠራ። እኛም ሠራ ብለን አመንን። ጤነኛ ሰው አንድ እጁን ቢደብቅ ሌላው እጁ ያው ጤነኛ እጅ ነው፤ በጤነኛ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ይህ ለማናችንም አልታየንም። እጅን ኪስ ከትቶ በሽተኛ መሆን አይቻልም፤ አሁን ሳስበው ሞኝነታችን ያስቀኛል።

እታለም ጥግ ላይ ተቀመጠች። ባሌ ከቀኟ ተቀመጠ። ላፕቶፑ ከቤተ መጻሕፍቱ አሮጌዎች አንዱ ነው፤ በግራ ያለው ሺፍት ሞቷል፣ የሚሠራው የቀኙ ብቻ ነው። እኔ በር አካባቢ ሻይ ስቀዳ በየመሀሉ ወደ እነሱ አያለሁ። ግንባሯን አልቦታል። ጣቷን አንስታ ቁልፍ ትፈልጋለች፣ ታገኛለች፣ ትጫናለች፣ ሌላ ትፈልጋለች። ከሰዓቱ እንዲሁ አለቀ። አንድ ሰው ተነስቶ ሲሄድ ሌላው ሲመጣ እሷ ገጿ ላይ ነበረች።

ስትጨርስ ላፕቶፑን በግራ እጇ ገፋ አድርጋ ወደ እኛ አዞረችው። አንድ ገጽ፣ የጸዳ፣ አንድ ፊደል ያልተሳሳተ። የሒሳብ መምህሩ አጨበጨበ፣ ሁላችንም ተከተልን። እሷ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ባሌ ግን «ጎበዝ» ብሎ ብቻ ተነሳና፣ ማንም ሳይቀጣው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ብርጭቆ ሊያጥብ ገባ። እንባውን ሊደብቅ መስሎኝ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ያንኑ ላፕቶፕ በቦርሳዋ ይዛ ቢሮ ሄደች። በሩ ድረስ ሸኝቻት ተመለስኩ። ገና ምሳ እንኳ ሳልጥድ ቤት ገባች። ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሶፋዋ ላይ ተቀመጠች።

«እጄ ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ሠርቶ ነበር። ዛሬ ግን ሺፍቱን ተጭኜ ፊደሉን ስነካ የፈለግሁት ቀርቶ ሌላ ይወጣል። አጥፍቼ ደገምኩ፣ ያው ነው። ፕሮግራሙማ ደህና ነው፣ ሁላችሁ ሞክራችሁታል። እጄ ነው የማይረባው።»

ጠበቃው ምን እንዳሉ ጠየቅኳት። ወሩ አላለቀም፣ ሌላ ቀን ትሞክሪያለሽ ብለዋት ነበር። እሷ ግን ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም አለች። ግራ እጇን ጭኗ ላይ ገልብጣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደምታይ ታየዋለች። ውሃ አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ባሌ ለምሳ መጣ። ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው። ልማድ ሆኖበት እንደ ሙከራ ቀን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ምን ጠበቅሽ፣ ምን ሆነ ብሎ ጠየቃት። ለእኔ የነገረችኝን ደገመችለት፤ መጨረሻ ላይ ያቺኑ፣ ቅዳሜማ ሠርቶ ነበር፣ ስለዚህ እጄ ነው።

ቀና ብዬ ባሌን አየሁት። የራሱን ጣት ነው የሚያየው።

«እታለም» አላት። «ቅዳሜ ሺፍቱን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ።»

«ምን አልክ?»

«ፊደሉን ስትፈልጊ ቁልፉን እየያዝኩ እጠብቅሽ ነበር። በቀኝሽ በኩል ስለሆነ አላየሽውም። ላብሽን ሳይ... አንዴ ብቻ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

ያ ሁሉ ብርጭቆ ለምን እንደታጠበ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው ራሱን ቀጥቶ ነበር፤ የቅጣቱን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገረም። ለፕሮግራመሮቹም «ይሠራል» ብሎ ልኮ ነበር። ችግሩ የጣቷ እንጂ የፕሮግራሙ ነው ብሎ አላሰበማ። አንድ ቃል ልወረውርበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እታለም ቀደመችኝ።

«እንግዲያው እጄ አይደለም» አለች፤ ቀስ ብላ። ከዚያ ደግማ፣ «እጄ አይደለማ።» ግራ እጇን ከጭኗ ላይ አንስታ ዘረጋችው፣ አጠፈችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ? ከጠዋት ጀምራ ስትረግመው የነበረ እጅ ነው። ሳቀችም፤ እንዲህ ስትስቅ ከሕመሟ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ሳቁ የለም።

«ማሙሽ፣ አንተን ያሳደግሁህ በወደቅህ ቁጥር እያነሳሁህ ነው ወይስ እስክትነሳ ቆሜ እየጠበቅሁህ?»

ባሌ አንገቱን ደፋ። «ቆመሽ» አለ።

«ታዲያ ቁም።»

ምሳውን ማንም አልበላውም፤ ቀዝቅዞ ቀረ። እታለም እዚያው ሶፋው ላይ ሆና ትዕዛዝ ታወርድ ጀመር። ሌላ የሙከራ ቀን ይጠራ፣ ቅዳሜን አንጠብቅም፣ ዓርብ ሳይደርስ። ሕዝብ አያስፈልግም፤ ሾፌሩ፣ ልብስ ሰፊዋና የሒሳብ መምህሩ ይበቃሉ። ጠበቃውን ደግሞ ራሷ ደውላ ትጠራለች። እኔ የድሮዋ እታለም መጣች ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ፤ ባሌ ግን እንደ ተማሪ ቆሞ እሺ እሺ ይላል።

ረቡዕ ከሥራ ሰዓት በኋላ አዳራሹ ተከፈተልን። ሁላችንም በእሷ ዙሪያ ተቀመጥን፣ እጅ ወደ ኋላ። ጠበቃውም ኮታቸውን አውልቀው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፤ ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ችሎት ነው አሉ። ባሌ ራሱን ስላላመነ ሁለት እጁን ከስሩ አድርጎ ተቀመጠባቸው።

እታለም ሺፍቱን ተጫነች፣ ለቀቀች፣ ፊደሉን ፈለገች። እስክታገኘው ድረስ ጠበቅናት። ተጫነች። ሌላ ፊደል ወጣ። አጥፍታ ደገመች። ያው ሌላ ፊደል። የሒሳብ መምህሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባሌ እጁ ላይ እንደተቀመጠ ይቁነጠነጣል። አሳዘነኝ፤ ተናድጄበት እንኳ አሳዘነኝ። ያቺን አንዲት ቁልፍ ጫን ቢያደርግላት ሁሉም ነገር ይቃና ነበር፤ ያ ነው ደግሞ ችግሩ።

«ምን ጠበቅሽ?» አላት።

«እንዲጠብቀኝ።»

«ምን ሆነ?»

«አልጠበቀኝም።»

ነገሩ ያን ጊዜ ወለል አለ። ፕሮግራሙ ሺፍቱን ይይዛል፤ ግን ትዕግሥት የለውም፤ ፊደሉ ቶሎ ካልመጣ ይረሳዋል። ለማረጋገጥ ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች። ሺፍቱን ተጭና፣ እንደ ልማዷ ስክሪኑን እስከ ታች አንብባ፣ ከዚያ ፊደሉን ነካች፤ ተሳሳተ። ቅዳሜ በእጇ መታሰር እየሳቀች ልማዷን ረስታ ነበር። ሾፌሩ ቀጠለ። እንደ ወትሮው ቶሎ ቶሎ ሲደቁስ ሠራለት፤ በመሀሉ አንድ ቀልድ አውራ ስንለውና አውርቶ ሲመለስ ተሳሳተበት። እንግዲህ እጅ ሲታሰር የማይታይ፣ ሰው ሲዘገይ ብቻ የሚታይ ጉድለት ነበር። ይህን ሊያሳየን የሚችል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእታለም በቀር አልነበረም፤ እሷንም ብቻዋን እንድትሞክር አልተውናትም።

ጉድለቱን ለፕሮግራመሮቹ ማን ይጻፈው ሲባል፣ እኔ ነኛ አለች እታለም። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ቋንቋችንን ያውቃል፣ ለእሱ ነው የምንልከው። ተቀምጣ ጻፈች። ፕሮግራሙ የሚያሳስታትን ፊደል አላረመችም፤ እንዳለ ይዩት ብላ ተወችው። ጠበቃው አንድ ጊዜም ሰዓታቸውን አላዩም። ስትጨርስ ባሌ ከጀርባዋ ቆሞ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አዘዘችው፤ እሱም የተሳሳቱትን ፊደሎች በልቡ እያቃና አነበበ።

«ምን ሠራሁ፦ ሺፍትን ተጭኜ ለቀቅሁ፣ ፊደሉን ፈለግሁ። አንድ እጅ ነው ያለኝ፣ እሱም ቀስ ይላል። ምን ጠበቅሁ፦ ቁልፉ እስክደርስ እንዲጠብቀኝ። ምን ሆነ፦ ሳልደርስ ረሳኝ። ቅዳሜ ይሠራል ተብሎ የደረሳችሁ መልእክት ስህተት ነው፤ ወንድሜ ደብቆ እየረዳኝ ስለነበር ጉድለቱ አልታየም። ቁልፉን እባካችሁ አስተካክሉት። ወንድሜን ማስተካከል ግን የእናንተ ሥራ አይደለም፤ እሱን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ባሌም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ብርጭቆዎቹ ሄደ። የሒሳብ መምህሩ ላግዝህ ብሎ ተነስቶ ነበር፤ እኔ አስቀመጥኩት።

ፕሮግራሙ ዓርብ ሲወጣ ጉድለቱ ተስተካክሎ ወጣ። አሁን ቁልፉ አንዴ ከተነካ ሰው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ለሚል ሰው የተሠራ ነው የሚመስለው። ባሌ ያን ዕለት ላፕቶፑ ላይ አዲሱን ጫነላት፤ ጫነላት ስል፣ እሷ ስትጭን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ አየ ማለቴ ነው።

ሰኞ ሦስታችንም ወደ ቢሮው ሄድን። የሕንፃው በር ከባድ ብረት ነው፣ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። እታለም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ እጀታውን ያዘች። በሩ እምቢ አለ። ሰውነቷን ወደ ኋላ ጣለች፣ እግሯን ቀየረች፣ እንደገና ሳበችው። አላፊው ያየናል፤ አንዲት ሴት ስትቸገር ሁለት ሰው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ያያል፤ ምን ጉዶች ናቸው ሳይለን አይቀርም። የባሌን እጅ ከኋላው ይዤው ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ገባች፤ ዞራም አላየችን።

ገጹን ስትጨርስ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ጠበቃው ወስደው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ምንም ሳይሉ ፋይሉ ውስጥ ከተቱትና የሚቀጥለውን ሰጧት።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ከራሷ ጠረጴዛ ላይ ሆና፣ ከዓርብ ጀምሮ መልስ ሲጠብቅ ለቆየው ፕሮግራመር ጻፈችለት። ሰውዬው ቁልፉ እንደተስተካከለ ነግሯት፣ ወንድምሽስ ተስተካከለ ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። መልሷ አንድ መስመር ነው፤ ማታ ቤት ስትገባ ለእኔም ለባሌም አነበበችልን።

«ዛሬ በር ላይ አልነካኝም፤ ግን ገና በሙከራ ላይ ነው።»